ሜሮን የተቀባ ጉልበት

ወይ ዘንድሮ! መስቀሉ በየዓመቱ ያድጋል፤ የተሸከመው ሰው ግን እዚያው ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ጎረምሳ አየሁ። ደረቱ ላይ ለጳጳስ የሚበቃ የእንጨት መስቀል አንጠልጥሏል፤ መቁጠሪያውን ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ጠምጥሞታል፤ ካናቴራው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ከነዘንዶው ታትሟል። «ተመስገን፣ ትውልዱ አልጠፋም» ብዬ ሳልጨርስ ታክሲ መጣ። ልጁ አንዲት ነፍሰ ጡር በክርኑ ገፋ አደረገ፣ እኔን ከነከዘራዬ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ረገጠኝና ገብቶ ወንበር ያዘ። ረዳቱ ደግሞ በሩን እየዘጋ «ፋዘር፣ ቀጣዩን ያዝ!» አለኝ። ፋዘር! አባባ ማለት ምላስ ያቆስላል?

በመስቀል ላይ ክፉ አልናገርም፤ አፌን ይያዘው። እናቴ ያወረሰችኝ የብር መስቀል ዛሬም ከሸሚዜ ሥር አለ። ከማርትሬዛ ብር የተሠራ ነው። የዚያ ብር ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ከ1780 ወዲህ በየትኛውም ዘመን ይመታ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት ያው 1780 ነው፤ አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። የድሮ አንጥረኞች እያቀለጡ የስንቱን አንገት መስቀል ሠሩበት! የእኔን ማን ያየዋል? እኔና ሐኪሜ ብቻ። ሐኪሙም ቢሆን የሚያየው «ለራጅ አውልቁት» ሊለኝ ነው።

በእኛ ጊዜ ክርስቲያን የሚታወቀው በክሩ ነበር። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑ ማተቡን አንገታቸው ላይ ያስርላቸዋል፤ በቃ፣ የዕድሜ ልክ ነው። እናቴ ማተቤ ሲሳሳ አዲሱን ክር ጭኗ ላይ እያሻሸች ትገምድልኝ ነበር። አዲሱ ታስሮ፣ ቋጠሮው በጥርሷ ተስቦ ሳይጠብቅ አሮጌው አይቆረጥም። ለአንድ ደቂቃ ባዶ አንገት መሆን አይፈቀድም። ቋጠሮውን ስትነክስ ትንፋሿ ማጅራቴን ይሞቀኝ ነበር፤ እኔም ከጓደኞቼ ጋር የምጫወተው ኳስ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ እንቆራጠጣለሁ፤ እሷም በኩርኩም «ቁም!» ትለኛለች። ላብና ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ፣ መኖሩ እንኳ የሚረሳ ቀጭን ነገር ነበር። ገበያ መሀል «ማተቤን!» ብሎ የማለ ነጋዴ ከዚያ በኋላ ዋጋ ንቅንቅ አያደርግም። ዛሬ «ማተቤን» ብሎ የሚምል ደላላ ካጋጠማችሁ ቤቱን አትከራዩ።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን የዚህን ክር ነገር ሲያስተምሩ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ነበረው ወደ ሶርያዊው አባት ወደ ያዕቆብ ዘእልበረዲ ያደርሱታል። ያ ሰው በስደት ዘመን የለማኝ ቡትቶ ለብሶ ከአገር አገር እየዞረ ምእመናንን ሲያጸና የኖረ ነው። እንግዲህ በለማኝ ልብስ የተሰበከውን ነገር ነው እኛ ዛሬ በቆዳ ገመድና በወርቅ ቅብ አድርገን የጡረታዬን ግማሽ በሚያህል ዋጋ የምንሸጠው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። «ተራ ጥቁር ክር አለ?» ስላት ሻጯ ልጅ እንደ ሙት መንፈስ አየችኝ። «አባቴ፣ እሱ አሁን አይሄድም» አለች። ወዴት እንዲሄድ ነው የፈለገችው?

ምልክት ማብዛት ዛሬ የተጀመረ አይደለም፣ ልክ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕዝቡ የሥላሴን ስም ግንባሩ ላይ፣ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል ደግሞ እጁ ላይ እንዲጽፍ አዝዘው እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ንጉሡ ዛሬ ተነሥተው የመኪናዎቻችንን የኋላ መስታወት ቢያዩ «ትእዛዜ ተፈጸመ» ብለው ደስ ይላቸው ነበር፤ መሪ የጨበጠውን ሰው ስድብ እስኪሰሙ ድረስ። እመቤታችን የኋላ መስታወት ላይ፣ መቁጠሪያው ስፖኪዮ ላይ፣ ዝማሬው ቴፑ ላይ፤ ሹፌሩ ግን በቀይ መብራት ያልፍና መንገድ ያልለቀቀለትን ሽማግሌ እናቱን ጠርቶ ይሰድባል።

በሌላ በኩል የሰፈራችንን ልጅ አስባለሁ። ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ስትሄድ፣ ማተብ የሚያዩባት ቤት እንዳይደርሳት ፈርታ፣ ክሯን በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ነው የሄደችው። ማንም አላየውም። ልብሷን ባጠበች ቁጥር ግን እጇ ይነካዋል። ተመልሳ ስትመጣ እናቷ ጠርዙን በምላጭ ተርትራ አወጣችው፤ ቀለሙ ለቆ አመድማ ሆኗል። እሷን ያየሁ ሰው እንዴት አድርጌ የዚያን ጎረምሳ ካናቴራ ላድንቅ?

የልጅ ልጄ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አንገቱ ባዶ ነው፤ እጁ ላይ ግን የሚንዘረዘር ሰዓት አስሯል። እራት እየበላን ድንገት ብድግ ይላል።

«ምን ሆንክ?»

«ሰዓቱ ነው አባባ። ብዙ ተቀመጥክ፣ ተነሥ ይለኛል።»

«ስትጸልይስ ብዙ ቆምክ አይልህም?»

«አይልም።»

«ማተብህስ የታለ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው። እሱ እኮ አያስታውስም፣ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው» አለኝ።

ሙግት ልጀምር ብዬ መነጽሬን ፈለግሁ፤ ያለ መነጽር መሟገት አልችልም። ግንባሬ ላይ ነበር። ልጁም ሳቀ። ይሳቅ። እኔ የምረሳ ሰው ነኝ፤ መነጽር እረሳለሁ፣ ኪኒን እረሳለሁ፣ ትላንት ይቅር ያልኩትን ሰው ዛሬ ይቅር ማለቴን ረስቼ እንደገና እቀየመዋለሁ። ክሩ የታሰረው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። እግዚአብሔርማ ማስታወሻ ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ዋናው ስሞታዬ ልምጣ። ሕፃን ሲጠመቅ ቅብዐ ሜሮን የሚቀባው በ36 የሰውነት ክፍሎቹ ነው። ራስ፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ ልብ፣ እምብርት፣ ጀርባ፣ ወገብ፤ ከዚያ ትከሻ፣ ብብት፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። አንድም መገጣጠሚያ አይታለፍም። ካህኑ እኔን ሲቀባ አርባ ቀኔ ነበርና አልቅሼ ይሆናል እንጂ አላስታውስም። ዛሬ ግን ዝርዝሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ሜሮን የነካው ቦታ ሁሉ በተራ በተራ ያመኛል። ጠዋት ወገብ ይጀምራል፣ ግራ ጉልበት ይቀበላል፣ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ያወርዳል፤ ማኅሌት ቆመውብኛል። ከ36ቱ ዛሬ ያለ ቅሬታ የሚያገለግለኝ አፌ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ አትወደውም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ለካርድ ከፈልኩ፣ ለራጅ ከፈልኩ፣ ለደም ከፈልኩ። ጉልበቴን አንድም ጊዜ በእጁ ያልነካ ወጣት ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ አየና «በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ ልስላሴው አልቋል» አለኝ። በዕድሜ እንደሚመጣማ እኔስ መች አጣሁት? ዕድሜው የኔ አይደለ! ማስታገሻ ጻፈልኝ፣ ደረጃ አትውጣ አለኝ። የራሱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቀኛለች። «ሰውዬ፣ ጸበል ትሄዳለህ።» ጸበል ማለት ሌሊት መነሣት ነው፣ ባዶ ሆድ ነው፣ ብርድ ነው። «ጸበል ከተባለማ ቤታችን ሞልቶ የለም ወይ?» አልኳት። እውነቴን ነው። ከአልጋችን ሥር ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ፍሪጅ ውስጥ የሃይላንድ ላስቲክ ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ የጊዮርጊስ፣ የተክልዬ፣ የጻድቃኔ። ለአንድ ድስት ወጥ የሚሆን ቦታ የለም። መሳቢያው በእምነት የተሞላ ነው፤ ያ አመድ የሚመስለው፣ ግንባር የሚቀቡት። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ስትመጣ ከበርበሬና ከሽሮ ቀድማ የምትጠይቀው እሱን ነው። ባለፈው ስትመለስ እዚያ ያለው ፈታሽ ሻንጣዋን ከፍቶ አመድማውን ዱቄት በጣቱ እየነካካ ምንድነው ሲላት፣ ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል ብላ ግንባሯ ላይ ቀብታ አሳየችው። አለፈች። በርበሬውን ግን ወሰዱባት።

ወደ ባለቤቴ ልመለስ። «ውኃ ውኃ ነው፤ እዚሁ በጆግ አፍስሺልኝ» ስላት መጽሐፈ ነገሥትን ገለጠችብኝ። ሴትየዋ ከእኔ ጋር ስትኖር የተማረችው ነገር ቢኖር ሙግት ነው። ንዕማን ሶርያዊን ታስታውሳላችሁ፤ የሠራዊት አለቃ፣ ግን ለምጻም። በፈረስና በሠረገላ ኤልሳዕ ደጅ ድረስ ሲሄድ ነቢዩ ብቅ እንኳ አላለለትም፤ ሂድና ዮርዳኖስ ውስጥ ሰባት ጊዜ ታጠብ ብሎ መልእክተኛ ላከበት። ንዕማን ተቆጣ። ወጥቶ በእጁ ይዳስሰኛል ብዬ ሳስብ! የአገሬ ወንዞች አባናና ፋርፋር ከዚህ አይሻሉም? እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ከንዕማን ጋር ነኝ። የነጫናጮች ሁሉ አባት ነው፤ ቅሬታው ደግሞ በነጥብ የተደራጀ። የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው፤ ከባድ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረም ወይ ብለው። ባለቤቴም «ሐኪሙ መቶ ሺሕ ብር ክፈል ቢልህ ተበድረህ ትከፍል ነበር፤ ለውኃ ነው እንዲህ የምትነጫነጨው?» አለችኝ። ለንዕማን እንኳ አገልጋዮች ነበሩ፤ ለኔ ሚስት ተላከችብኝ። ሄድኩ።

ጸበሉን ስም አልጠራውም። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ገደል ሥር ያለ ነው፤ መኪና እላይ ያወርዳችሁና የቀረውን በእግር ነው። የቀረው የምለው ደረጃ ነው። ድንጋዩ ያልተስተካከለ፣ ሽበት ያወጣ፣ ከጸበል የሚመለሰው ሰው ልብስ ሲንጠባጠብበት ስለሚያድር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ለጉልበቴ ፈውስ ልፈልግ የምሄድበት መንገድ ጉልበቴን ሊጨርሰው ነው! መደገፊያ የለም። አንዱ ጎን ገደል፣ አንዱ ጎን እሾህ። እኔም የማላውቀውን ሰው ትከሻ ይዤ ወረድኩ፤ እሱም የማያውቀውን ሰው ይዟል። ከታች ቆሞ ያየን ሰው ዕውሮች ወደ ሰሊሆም ሲወርዱ ይመስለው ነበር።

ታች ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። በልጅነቴ አባ ጸበሉን በጣሳ ቀድተው፣ በመስቀል ባርከው፣ ስማችሁን ጠይቀው ነበር የሚያፈሱት። አሁን ጎማ ነው። አጥማቂው ጎማውን ጨብጦ ገና ስገባ ደረቴ ላይ ለቀቀው፤ ትንፋሼ የት እንደገባ አላውቅም፤ «በስመ አብ» ብዬ ልጀምር ስል ወልድ ላይ ስደርስ አፌ በውኃ ሞላ። ብርዱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አጥንት ድረስ ገብቶ የሆነ ነገር ይላችኋል። ሠላሳ ስድስቱም ቦታዎች አንድ ላይ «አለን» አሉ።

ከጎኔ የነበረች ሴት ጮኸች። ያደረባት መንፈስ ይለፈልፍ ጀመር። አጥማቂው «በማን መጣህ?» ይለዋል፤ «በጎረቤቷ!» ይላል። «ምን ዓይነት ጎረቤት?» «ሽማግሌ! ሁልጊዜ የሚነጫነጭ!» በዚህ ጊዜ ጸበልተኛው ሁሉ ፊቱን ወደኔ አዞረ። ሴትየዋን አይቻት አላውቅም፤ ሰፈሯም ሰፈሬ አይደለም። ይሄ ሳቅ ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለ ልፈፋ «ቡዳ» ተብለው ከሰፈር የተገለሉ፣ ዕድርተኛ የሸሻቸው ሰዎች አሉ። ከመቼ ወዲህ ነው የሰይጣን ምስክርነት በጎረቤት ላይ የሚያዘው? ወንጌል የሐሰት አባት ያለውን እኛ ቃለ ጉባኤ እንጽፍለታለን! ይውጣና ይሂድ እንጂ ምን ያናግረዋል?

ከዚያ ወረፋ። ለመጠጣት ወረፋ፣ መስቀል ለመሳለም ወረፋ፣ ጀሪካን ለመሙላት ወረፋ። አንዷ «የታመመ ሕፃን ነው» ብላ ትቀድማለች፤ ሕፃኑ ጢም አለው። ቆሜ ሳጉረመርም መፃጉዕ ትዝ አለኝ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በስሙ የሚጠራለት፣ 38 ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰው። ልትድን ትሻለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ምን አለ? አዎ አላለም። ስለ ወረፋ ነው ያመለከተው፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለም፣ ሌላው ይቀድመኛል ነው ያለው። ፊቱ የቆመው መድኃኒት መሆኑን ሳያይ ስለ ሰልፍ ስሞታ ያቀርባል! እንዴት ያለ የኔ ቢጤ ነው። ጌታም ስለ ወረፋው ምንም አላለውም፤ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ነው ያለው።

የመምህራኖቻችን ትረካ ግን እዚያ አያበቃም። ያ ሰው ኋላ፣ ጌታ በአደባባይ ሲቆም፣ የዳነበትን እጁን አንሥቶ በጥፊ መታው ይላሉ። 38 ዓመት የተኛ እጅ! ዳነ፣ አልጋውን ተሸከመ፣ ረሳ። ይህን ሳስብ የጀሪካን ሰልፉ ውስጥ እንደቆምኩ ልቤ ደነገጠ። ከበሽታው ይልቅ የሚያስፈራው የዳነ ሰው መርሳቱ ነው። የዚያ ሰው አንገት ክር አልታሰረበትም፤ ቢታሰርበት ኖሮ እጁ ሲነሣ ይይዘው ነበር ወይ? እንጃ። ታክሲ ውስጥ የገባውን ጎረምሳ አልያዘውም።

አንድ ነገር ሳልቆጣ መናገር አለብኝ፤ መቆጣቴ ግን አይቀርም። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን መጣል አለበት የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያልታመሙ ናቸው። እንጦጦ ማርያምን እናውቃታለን፤ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ደብር ናት። የኤች አይ ቪ ነገር በበረታበት ጊዜ ከየአገሩ የመጣ ሕመምተኛ እዚያ ተራራ ላይ ጎጆ ቀልሶ ጸበል ይጠመቅ ነበር። ከነዚያ መካከል ኪኒኑን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብለው አስተማሩ። ፓትርያርክ የተናገረውን የሰፈር ባሕታዊ ይሽረዋል ወይ? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር የሚለው፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው የሚለው ለጌጥ ነው? ወንጌላዊው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም? ጌታ ራሱ ዕውሩን ሲያድን ምራቁን ከአፈር ለውሶ ነው። አፈርና ምራቅ ያልናቀ አምላክ ኪኒን ይንቃል? አንድ ወዳጄ የስኳር መድኃኒቱን «ድኛለሁ» ብሎ ጣለ፤ ዛሬ አንድ እግሩ የለም። ምስክርነት ሲሰጥ ያጨበጨቡለት ሰዎች ክራንች ሲገዛ አልነበሩም።

ጸበል ያድናል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን ከእኔ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ያድናል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የበኩር ልጃችን ያረፈ ጊዜ ባለቤቴ ዝም አለች። አላለቀሰችም፤ ሙሾው እንኳ አልወጣላትም። እንጀራ ስሰጣት ትይዘዋለች፤ አትበላውም። ሌሊት ዓይኗን አፍጥጣ ጣራ ታያለች። ጤና ጣቢያ ወስጄ የእንቅልፍ ኪኒን ተሰጣት፤ ተኛች፣ ነገር ግን ስትነሣ ያው ናት። የነፍስ አባታችን፣ ጉሮሯቸው የሚያስቸግራቸው አንድ ሽማግሌ ካህን፣ ማታ ማታ መምጣት ጀመሩ። ጸበሉን በሃይላንድ ይይዛሉ። ጸሎታቸውን እያሳሉ ያደርሳሉ፣ ፊቷን ይረጫሉ፣ ያን ያረጀ የእጅ መስቀል ግንባሯ ላይ ያኖሩና ቶሎ አያነሡትም፤ ከዚያ ከንፈሯ ጋ ያደርሱላታል፤ መጀመሪያ ላይ አትስመውም ነበር። በዘይትም ጸሎተ ቀንዲል አደረሱላት። ሥርዓቱ ሰባት ካህናት ይላል፤ እርሳቸው ከአንድ ዲያቆን ጋር ነበሩ። ሲጨርሱ ስብከት የለም፤ «ጽኚ»ም የለም። ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ዝናም ከኔ ጋር ያወራሉ። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።

አንድ ማታ ሲኒውን ሰጥቻቸው ሳለሁ ከጥግ ድምፅ መጣ። «አባታችን አይጠጡት፣ ይሄ ሰውዬ ቡና አያውቅም፤ እጣቢ ነው።»

ካህኑ ሲኒውን አስቀመጡና አማተቡ። እኔም ውጭ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ስንት ሳምንት ሙሉ ያልተናገረች ሴት አፏን ስትፈታ ያማችው ቡናዬን ነው! ከዚያች ማታ ወዲህ በኔ ላይ ማጉረምረሟን አላቆመችም፤ እኔም አንድም ቀን ተይ ብያት አላውቅም። ማልቀሱም በኋላ መጣ፣ እንቅልፉም መጣ። ያዳናት ጸበሉ ነው፣ ዘይቱ ነው፣ ኪኒኑ ነው፣ ወይስ ያ የሚያስል ሽማግሌ ማታ ማታ መምጣቱ? ለያይቼ አላየውም። የላካቸው አንድ ነው። ጸበሉን ከካህኑ ነጥሎ በላስቲክ አሽጎ፣ ዋጋ ለጥፎ የሚሸጠውን ሰው ግን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁልኝ፦ ቡናውንስ መጥተህ ትጠጣለህ?

የእኔ ጉልበት፣ ለምትጠይቁኝ፣ አልዳነም። ትንሽ ሻል ያለኝ ይመስለኛል፤ ከማስታገሻው ይሁን ከጸበሉ እኔና ጉልበቴ አልተግባባንም። በስቅለት ስግደት ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ወንበር ይዤ ጎንበስ እላለሁ፤ ቀኖናዬንም የነፍስ አባቴ በመቁጠሪያ ለውጠውልኛል፤ 41 ጊዜ እግዚኦ፣ ጣቴ የሚቆጥረው። እሱም ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ የሆነ ይመስል አውራ ጣቴ ይቆጣኛል። ነገር ግን ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ያ ጉልበት ቀጭ ሲል፣ ክሩን ሳልነካ፣ መስቀሉን ሳላይ፣ አርባ ቀኔ ላይ ካህን እዚህች ቦታ ላይ ሜሮን አስነክቶኛል እላለሁ። ዱላ ሆኖም ቢሆን ያስታውሰኛል። ከዚያ «ወይኔ ጉልበቴ» እላለሁ፤ ባለቤቴም ከማጀት «ጀመረ!» ትላለች።

አሁን የዚያ ጸበል ሰበካ ጉባኤ አባላት ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። በየእሑዱ በድምፅ ማጉያ ለእብነ በረድ በር መዋጮ ትጠይቃላችሁ፤ በሩ ያምራል፣ አልቃወምም። ነገር ግን ከበሩ በፊት እዚያ ደረጃ ላይ የብረት መደገፊያ ሥሩልን። የሚወርደው ሰው ሽባ ነው፣ ዓይኑ የደከመ ነው፣ እርጉዝ ናት፣ እኔ ነኝ። ተራ የውኃ ቧንቧ ብረት ይበቃል፤ ቀለምም አያስፈልገውም፣ ዳርና ዳር ብቻ አጥብቃችሁ በሲሚንቶ ትከሉት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቢደርስ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ መፃጉዕ እሑድ ሰው ይበዛል። የመጀመሪያውን ብረት ዋጋ ከጡረታዬ እኔ እከፍላለሁ። ደረሰኝ ግን ይቆረጥልኝ።